የእትዬ ሐጂራ ሞተር ክፍት የዋለበት አረፋ

ኡበይድ መጀመሪያ በፓምፑ ውስጥ የቀረውን ውሃ ባልዲ ላይ አፈሰሰ። ከዚያ አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አንስቶ የክዳኑን አራት ብሎኖች ማላላት ጀመረ። አንዱን ፈትቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚሄደው አውቆ ነው፤ አራቱም በየተራ ትንሽ ትንሽ ካልላሉ ክዳኑ ይጣመማል። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደራቸው። ውሃውን የሚገፋውን መዘውር በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ መታው። ዞሮ ወጣ። ከጀርባው በጣቱ ዳሰሰ። ባለሙያው «ሲል» ብሎ የሚጠራው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ የሚያግደው የጎማና የሸክላ ቀለበት በአሸዋ ተበልቶ ጠርዙ ተሸርፏል። ጣቱን በጨርቅ ጠረገና መሳቢያውን ሳበ። በልኩ የሆነ አዲስ «ሲል» አገኘ። ከላስቲኩ ሳያወጣው መልሶ አስቀመጠው።

ቀኑ ሐሙስ፣ የአረፋ ዋዜማ ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። የቀረው ሲሉን ቀይሮ መልሶ ማሰር ነው፣ ለሱ እጅ ግፋ ቢል የአርባ ደቂቃ ሥራ። ሚስቱ ዙልፋ ግን ሁለት ጊዜ ደውላለች። ልብስ ሰፊው ሊዘጋ ነው፣ ለሙሽሮቹ የሚወሰደው ብርድ ልብስ አልተገዛም፣ እሱም ፀጉሩን አልተቆረጠም። የተፈታውን ሞተር ሸራ አለበሰው፤ በሩ ላይ ጓጉንቸሩን ቀረቀረና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ኡበይድ ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው የሞተር ጠጋኝ ነው። ቴክኒክና ሙያ ሲማር አንድ ወንበር የተጋራው ጓደኛው ጣሪቅ ማጀቴ ሄዶ ወፍጮ ተከለ፤ እሱ እዚሁ ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ተከራየ። በዚህ ቆላ ዝናብ የሚጠብቅ ሽንኩርት የለም። ከሮቢ ወንዝ ውሃ የሚስበው ሞተር ከቆመ መሬቱም ይቆማል፤ ስለዚህ ገበሬው ከሐኪም ይልቅ የኡበይድን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይይዛል።

ያንን ሞተር በዚያው ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ ጭነው ያመጡት እትዬ ሐጂራ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ጥማድ መሬት ብቻቸውን የሚያለሙ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት።

«ኡበይዴ፣ ሽንኩርቱን ትናንት ነው የተከልኩት» አሉት ሞተሩን ከባጃጁ ሲያወርድላቸው። «ችግኙ ገና ሥር አልያዘም። ይሄ ፀሐይ ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ አይታገሠኝም።»

«አይዞዎት እትዬ ሐጂራ። ቅዳሜ ጠዋት ኢንሻአላህ።»

«ቅዳሜ ጠዋት?»

«ኢንሻአላህ አልኩዎት እኮ።»

ይህን ሲላቸው ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከዙልፋ ጋር መናኸሪያ እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። የጣሪቅ ሰርግ እሁድ ነው፤ እሱ ሚዜ ነው። አረፋ አርብ ስለዋለ ሦስት ቀን ተያይዞ ዕረፍት ሆነ። ዙልፋ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው ሲሆን አብረው ከከተማ ወጥተው አያውቁም። ለዚህ ጉዞ ከረመዳን ጀምራ ቀን ስትቆጥር ነበር። ኡበይድ ሐሙስ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ጉዞው አይቀርም ነበር፤ ልብስ ሰፊው ብቻ ይቀየም ነበር። እሱም ይህን ያውቃል።

ሌላም መንገድ ነበረው። ከሱ ሱቅ ሁለት በር አልፎ እዮኤል የሚባል የሞተር ጠጋኝ አለ። ገናና ፋሲካ ሲሆን የእዮኤልን ደንበኞች ኡበይድ ይይዛል፤ ዒድና አረፋ ሲሆን ደግሞ የኡበይድን እዮኤል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሱቅ ቁልፍ ሳይቀር ሲሰጣጡ ኖረዋል። በዚህ አረፋ ግን ኡበይድ ቁልፉን አልሰጠም። ባለፈው ዒድ እዮኤል ጋ የሄደ አንድ ደንበኛው እዚያው ቀረበት፤ የእትዬ ሐጂራ የእርሻ ጎረቤት ነው። እትዬ ሐጂራንም እንዳያጣ ፈራ። ጥሎት የሄደው ሥራ ትንሽ መሆኑን እዮኤል እንዲያይበትም አልፈለገም።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ሰንበቴን አልፎ አጣዬ ሊገባ ሲል ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሐጂራ ናቸው።

«ሱቅህ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ዝግ ነው።»

ኡበይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕቃው ከአዲስ አበባ አልደረሰም እትዬ። በዓል ስለሆነ መኪና ዘገየ።»

«ውይ። እንግዲያ ወደ እዮኤል ልውሰደው ይሆን?»

«ተፈትቷል፤ አሁን ቢነካካ ይበላሻል። ሰኞ ጠዋት ኢንሻአላህ እኔው አስረክብዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ። ኢንሻአላህ ካልክ እጠብቅሃለሁ። ዒድ ሙባረክ፣ ለዙልፋም በልልኝ።»

ዙልፋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የሂና እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቀችው።

«የቱ ዕቃ ነው ያልደረሰው?»

«ሲል።»

«ሐሙስ ማታ ቤት ስትገባ አንድ ቀርቶኝ ነበር፣ እንኳን አልሸጥኩት አላልከኝም?»

ኡበይድ ከፊቱ ያለውን ወንበር ቀዳዳ ማየት ጀመረ።

«እኔን ነው የምታስጠላው፣ ታውቃለህ?» አለች። «ለሚስቱ ብሎ ነው ተብሎ ነው የሚወራው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊው ይዘጋል አልኩ እንጂ ሰው ዋሽ አላልኩህም።»

«ሰኞ በጠዋት እሠራዋለሁ አልኩ እኮ።»

«ለችግኙ ንገረው።»

ካራቆሬ ወርደው የማጀቴ መኪና ሲጠብቁ ውሃ ገዛላት፤ ጠጥታ ግማሹን መለሰችለት። ይህ እርቅ ይሁን ጥማት አልለየለትም።

ማጀቴ ሲደርሱ ጣሪቅ ዘሎ አቀፋቸው። «ዙልፋ፣ ይሄን ሰውዬ ከሞተር ሥር እንዴት አወጣሽው?» አለ።

«አልወጣም» አለች ዙልፋ። «ልቡ እዚያው ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ኡበይድም ሳቀ። ከሰዓት በኋላ በዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳን የሚያሰላው ሙቀቱን ነበር። ማጀቴ እንዲህ ከሞቀ ሸዋ ሮቢት ይብሳል። ረቡዕ ተተክሎ አንዴ የጠጣ ችግኝ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል? ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይተኛል። እሁድስ? እሁድን ማሰብ አልፈለገም።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሙሽራዋን ናጅዋን ሊያመጡ ከመነሳታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ ዱአ ሊያደርጉ ሲሰበሰቡ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሳ፤ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ እሱም ቆመ። ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ወደ ኡበይድ ዞረ። ነጭ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ ሰብስቦ ተንበረከከ። ካርቡሬተሩን ፈታ፣ በቤንዚን አጠበው፣ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ወጋ፣ ነፋበት፣ መልሶ አሰረው። ገመዱን አንዴ ሳበ። ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሼህ ሙዐዊያ፣ የጣሪቅ ትልቅ አጎት፣ ማይክሮፎኑን ይዘው ከሙሽራው በፊት ዱአ ያደረጉት ለኡበይድ ነው። «የሰው ችግር ያቃለለውን ይህን ልጅ አላህ ችግሩን ያቃልልለት። ደንበኛውን ያብዛለት። ቃሉን የሚሞላ ባለሙያ ያድርገው።»

«አሚን» አለ ዳሱ በሙሉ።

ኡበይድ እጁን አልዘረጋም። በጀለቢያው ላይ የተረጨውን ቤንዚን ሲጠርግ ቆየ፤ አሚን የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ከሴቶቹ በኩል ዙልፋ ታየው ነበር። ተነስቶ ከዳሱ ጀርባ፣ ጎድጓዳ ሳህን የሚታጠብበት ቦታ ሄደና ለእዮኤል ደወለ።

«አቤት ባለ አረፋ» አለ እዮኤል። «አርብ ደውዬልህ አላነሳህም። ሥጋ እንዳልጠይቀው ነው ብዬ ተውኩህ።»

«እዮኤል፣ የእትዬ ሐጂራ ሞተር ክፍት ነው።»

«ክፍት ማለት?»

«ፈትቼው ነው የመጣሁት። ሲል መቀየር ብቻ ነው የቀረው። ሲሉ መሳቢያው ውስጥ አለ።»

«ትናንት እዚህ በር ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ልርዳዎት ስላቸው ዕቃ አልመጣም ብሎኛል አሉ። ለገና ሦስት ሞተር ጥዬብህ አልሄድኩም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ደንበኛ ትወስድብኛለህ ብዬ።»

«እና አሁን ደንበኛህን አተረፍክ?» አለ እዮኤል። ከዚያ ድምፁ ወደ ሥራ ተመለሰ። «ቁልፉ የት ነው?»

«እዚህ፣ ኪሴ።»

«ጓጉንቸሩን በሴጌቶ እቆርጠዋለሁ። ብሎኖቹን ደርድረሃቸዋል?»

«በቅደም ተከተል።»

«እሱን እንኳን ታውቅበታለህ። በል ስልኩን ዝጋው።»

ኒካሑ እንደታሰረ ኡበይድና ዙልፋ ተሰናበቱ። ጣሪቅ በሩ ድረስ ሸኛቸው። «ሚዜዬን ጄኔሬተር አሠርቼ ሳላበላው ላኩት ሊባል ነው» አለ። ኡበይድ ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ጣሪቅ ቀልዱን ትቶ የካራቆሬ መኪና ራሱ ለመነላቸው።

መንገድ ላይ እዮኤል ደወለ። ሞተሩ ተነስቷል፣ ውሃው አሥር ሰዓት ላይ ማሳው ደርሷል። «የታችኛው መደብ ይተርፋል» አለ። «የላይኛው ግን…» ብሎ አልጨረሰውም።

ሰኞ በማለዳ ሁለቱ ወደ ማሳው ሄዱ። ዙልፋ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት አብሬህ ካልሄድኩ እውነቱን ሳትነግራቸው ትመለሳለህ ብላ ነው የመጣችው። «አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችው ባጃጅ ውስጥ።

እትዬ ሐጂራ ላይኛው መደብ ላይ ቁጢጥ ብለው የደረቀውን እየነቀሉ ይጥሉ ነበር። ወደ ወንዙ ያለው መደብ አረንጓዴ ነው። ከላይ ያለው፣ ከማሳው ግማሽ የሚበልጠው፣ እንደ ገለባ ሆኗል። ሲያዩዋቸው ተነሱ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«መጣችሁ? ዕቃው ደረሰ አይደል፣ አልሐምዱሊላህ። እዮኤል ደግ ልጅ ነው፣ በበዓልህ ቀን ሮጦ ሠራልህ።»

ኡበይድ አዎ፣ ዕቃው ደረሰ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አፉን ከፈተ፤ ዙልፋ ወደ እሱ አላየችም፣ ወደ መሬቱ ነበር የምታየው።

«ዕቃው ከመጀመሪያውም ነበረ» አለ። «መሳቢያዬ ውስጥ። ሐሙስ ልሠራው እችል ነበር። ሰርግ ነበረብኝ። ሲደውሉልኝ መንገድ ላይ ሆኜ ነው የዋሸሁዎት።»

እትዬ ሐጂራ የያዙትን የደረቀ ችግኝ በጣታቸው ፈረፈሩት። ሞተሩ ከወንዙ ዳር ይጮሃል።

«ቅዳሜ እለት ባጃጅ ጠርቼ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሞተሩን እንዳለ እዮኤል ጋ ልወስደው፣ በሩንም ላሰብረው። ከዚያ ኢንሻአላህ ያለኝ ሰው አለ አልኩና ባጃጁን መለስኩት። አንተን አምኜ አይደለም የጠበቅኩት፤ ቃሉን አምኜ ነው።»

«ይቅር በሉኝ።»

«ይቅርታህን ምን ላርገው? መሬቱ ላይ አይተከልም። ችግኝ አምጣልኝ። የመትከያው ጊዜ ሳያልፍ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡበይድ ከሥራ በኋላ የሚሄደው ችግኝ ፍለጋ ነው። ሰንበቴ ጠየቀ፣ አጣዬ ጠየቀ፣ ጣሪቅ ማጀቴ ገበያ አስጠየቀለት። ሁሉም ተክሎ ጨርሷል። ከአንድ ሰው ግማሽ መደብ አግኝቶ ዙልፋ በሚቀጥለው እሁድ አብራ ተከለች፤ ሂናዋ ከጭቃው ጋር ለቀቀ። አልበቃም። ለእዮኤል አዲስ ጓጉንቸር ገዝቶ ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጥቶታል። ደንበኛ ሲመጣ አሁንም ኢንሻአላህ ይላል፤ ግን አስቀድሞ ሞተሩን ከፍቶ ያያል፣ ከዚያ ሰዓቱን ይናገራል።

ይህ ታሪክ እንደሚጻፍ ሲሰማ ስለ ራሱ ሌላ ምንም እንዲጨመር አልፈለገም። ይህችን ብቻ ለአንባቢው አድርሱልኝ አለ፦

«በቀወት ወረዳም ሆነ ከካራቆሬ ወዲህ፣ ከመደቡ የተረፈ የቀይ ሽንኩርት ችግኝ ያላችሁ፣ ለከብት ሳትጥሉት በፊት እባካችሁ አሳውቁኝ። ሱቄ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ ነው፤ ኡበይድ ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጆቹ ሁሉ ያሳዩዋችኋል፤ እኔ ባልኖር ለእዮኤል ንገሩት። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ ጥሩ ነው። አትንቀሉት፣ እኔው መጥቼ እነቅለዋለሁ። ከነቀላችሁት ግን ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉልኝ፣ ጥላ ሥር አኑሩልኝ።»