የአቶ ደሞዝ የቤት ስብሰባ

አቶ ደሞዝን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፋሲሎ ሰፈር አንድን የቀበሌ ቤት በጭቃ ግድግዳ ተካፍለን ሦስት ዓመት ኖረናል። ግድግዳው ስስ ስለነበረ የሚናገሩትን እሰማለሁ፤ የሚያስቡትን ግን አልሰማም። ስለ ሰው መጻፍ የሚያውቅበት ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ነገር ግን ድምፅ በተሰጠበት ቀን ከባልና ሚስቱ ሌላ እዚያ ቤት የነበርሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ልሞክረው።

አቶ ደሞዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ማቅለሚያ ክፍል። ፋብሪካው በሳምንቱ ምን ቀለም ያለው ጨርቅ እንደሚያመርት ሰፈሩ የሚያውቀው ከጥፍራቸው ነበር። ከዚህ በቀር ከእሳቸው የሚገኝ ወሬ አልነበረም። ከሥራ ሲመለሱ ማንንም ሰላም ሳይሉ ይገባሉ፤ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይበላሉ። ከዚያ ወይ «ጨው አንሶታል» ወይ «ጨው በዝቶታል» ይላሉ። የቀኑ ንግግር ይኸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን «ጨው አንሶታል» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«እሑድ በጣናው ጀልባ ጎርጎራ እሄዳለሁ። እኅቴ አገርነሽ ዘንድ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለመቅረት።»

«ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንም አላደረግኸኝም። እንደምን ዋልሽ እንኳ አላልኸኝም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። አቶ ደሞዝ ግን ሽማግሌዎቹ «ምን በድለሃት ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው «ምንም» ብሎ መመለሱ አስፈራቸው መሰለኝ። የማይስማሙ ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጦ የማነጋገሪያ መንገድ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ፋብሪካው ውስጥ ያለው የውይይት ክበብ። ስለዚህ በማግስቱ የቤታቸው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ።

«ማስታወቂያ። ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት በዚህ ቤት ስብሰባ ስለሚኖር አባላት በሙሉ በሰዓቱ እንድትገኙ። አጀንዳ፦ ሀ) ሂስና ግለሂስ። ለ) የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ወደ ጎርጎራ መሄድ።»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መሠረተ ትምህርት ተምረው የምስክር ወረቀት ከተቀበሉ ገና ዓመታቸው ነው። ማስታወቂያውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ስማቸው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ደግመው አነበቡት። ስማቸውን ጽፎ የለጠፈ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«አባላት በሙሉ የምትለው እነማንን ነው?» አሏቸው።

«አንቺንና እኔን።»

«ሰብሳቢውስ?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ያንተ ጽሕፈት አይነበብም።»

ስብሰባው በየቀኑ እንዲሆን የተወሰነው በዚያው ዕለት ነው። ሥርዓቱም ጥብቅ ነበር። ውጭ አንተና አንቺ የሚባባሉት ሰዎች ስብሰባው ሲከፈት እርስዎ ይባባላሉ። ከሁለቱ አንዱ መናገር ሲፈልግ እጁን ያወጣል፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ለመናገር ሲፈልጉም እጃቸውን አውጥተው ለራሳቸው ይፈቅዳሉ።

«ግለሂስ አለኝ» አሉ አቶ ደሞዝ በመጀመሪያው ቀን። «ዛሬ ስገባ እንደምን ዋልሽ አላልሁም።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ጓድ ጸሐፊ፣ ከዛሬ እንጀምር።»

ውሳኔ ቁጥር አንድ ከዚህ ወጣ። ወደ ቤት የሚገባ ሰው ቤት ያለውን ሰው እንደምን ዋልህ ወይም እንደምን ዋልሽ ይላል፤ ረስቶ የገባ እንደሆነ ወጥቶ እንደገና ይገባል። አቶ ደሞዝ ይረሱ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልማድ ነውና ሰላምታው ትዝ የሚላቸው በርጩማው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ይነሣሉ፣ ይወጣሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ይገባሉ። አንዳንዴ ሲገቡ ባርኔጣቸውን ለማውለቅ ሲሉ ይረሱትና እንደገና ይወጣሉ። በሐምሌ ዝናብ አንድ ቀን አራት ጊዜ ሲወጡና ሲገቡ አይቻለሁ። የሰፈሩ ሰው ቤት ጠፍቶባቸው ነው ብሎ አዘነ።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል የሆነውን ሁሉ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። «ሰብሳቢው አዛጉ» ብለው ስለ ጻፉ አንድ ጊዜ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

«ይሰረዝልኝ» አሉ አቶ ደሞዝ።

«አላዛጉም?»

«አዛግቻለሁ።»

«እንግዲያው ያዛጉት እንዴት ይሰረዛል?»

ስለ ጨውም ተወሰነ፦ ስለ ጨው አስተያየት የሚሰጠው ቢያንስ ሦስት ጉርሻ ከተዋጠ በኋላ ይሆናል፤ ከአስተያየቱ በፊትም ስለ ወጡ አንድ ደግ ነገር ይነገራል። ከሁሉ የከበዳቸው ግን የምስጋናው ውሳኔ ነበር። እያንዳንዱ አባል በየቀኑ ሌላውን ስለ አንድ ነገር ያመሰግናል፤ በዚያው ሳምንት አንዴ የተመሰገኑበትን ነገር መድገም አይቻልም። አቶ ደሞዝ ሰኞ ስለ እንጀራው አመሰገኑ። ማክሰኞ ስለ ወጡ አመሰገኑ። ረቡዕ ባዶ ሆኑ።

«ስለማያንኮራፉ አመሰግናለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አንኮራፋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል፤ መዝገቡም ላይ «ምስጋናው ውድቅ ሆነ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ደሞዝ ጠዋት ጠዋት ቤታቸውን መጎብኘት ጀመሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው፣ ምስጋና ይፈልጋሉ። የቱታቸው ቁልፍ ሲበጠስ ሳይናገሩ ተተክቶ እንደሚያድር ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው። ማታ የሚታጠቡበት ውኃ በራሱ የሚሞቅ አለመሆኑንም በዚህ ጊዜ ደረሱበት። ይህን ባመሰገኑ ቀን ጸሐፊዋ ለረጅም ጊዜ ምንም አልጻፉም። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እርሳሱ ተሰበረ ብዬ ነበር።

በቀን አንድ ጊዜ መሳቅም ተወስኖ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። የመጀመሪያ ሰሞን ሳቁ ጉንፋን ይመስል ነበር። በኋላ ግን አቶ ደሞዝ ሰዓታቸውን አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጓድ ጸሐፊ፣ እንሣቅ» ባሉ ቁጥር ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከትእዛዙ በፊት ይፈነዱ ጀመር። ሰዓቱን ጠብቀው አልሣቁም ተብለው ሁለት ጊዜ ሂስ ደርሶባቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አጀንዳ ለ አልተሰረዘም። ጀልባው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ስለሚሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅ ይሰጥበታል።

«ጸሐፊዋ ወደ ጎርጎራ ይሂዱ የሚል?»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እጃቸውን ያወጣሉ።

«ይቅሩ የሚል?»

አቶ ደሞዝ እጃቸውን ያወጣሉ።

«አንድ ለአንድ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል።»

የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ሻንጣ ከአልጋው ሥር እንደታሰረ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸውን ከውስጡ ያወጣሉ፤ ሲመለሱ አጥፈው መልሰው ያስገባሉ። ይህ ነገር ሰባት ወር ያህል ቆየ። አቶ ደሞዝ ሚስታቸውን ቤት ያቆየላቸው ይህ እኩል ለእኩል መሆኑን ያውቁ ነበር።

ኅዳር ላይ ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ጓድ አምባቸው የሚባሉ የቀበሌ ሹም ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትለው በአሥራ አንድ ሰዓት በሩን አንኳኩ። በሩ ክፍት ስለቀረ እኔም ከደጅ ቆሜ አየሁ።

«ሳይፈቀድ ስብሰባ ታካሂዳላችሁ» አሉ ጓድ አምባቸው። «መዝገቡን አምጡ!» መዝገቡን ገልጠው ትንሽ አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ። «በየገጹ ጨው፣ ጨው ይላል። ጨው ማን ነው?»

«ጨው ጨው ነው» አሉ አቶ ደሞዝ።

«ጎርጎራ የሚላከውስ ማን ነው?»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ጓድ፣ እዚህ ቤት እጅ ሳይወጣ አይነገርም።»

ጓድ አምባቸው ስብሰባ የለመዱ ሰው ስለነበሩ እጃቸው ሳያስቡት ወጣ። አብዮት ጠባቂዎቹም አለቃቸውን አይተው አወጡ፤ ጠመንጃቸውን በአንድ እጅ ይዘው። አቶ ደሞዝ ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ሲያዩ ግራ ተጋብተው «አንድ በአንድ» አሉ። በተራ በተራ ተጠየቀ፤ በተራ በተራ ተመለሰ። ጎርጎራ ያለችው እኅት መሆኗ፣ ጨውም የወጥ ጨው መሆኑ ታወቀ።

ጓድ አምባቸው መዝገቡን ዘጉ። «ቢሆንም ሕገ ወጥ ነው። ሁለት ሰው ምልዓተ ጉባኤ አይሆንም። ስብሰባ ከሆነ ቢያንስ ሦስት አባል ይኑረው፤ ቀበሌም ይመዘግበዋል።» ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። «አንተ! ሦስተኛው አባል አንተ ነህ።»

«እኔ እንኳ...» አልሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ።» ሊወጡ ሲሉ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እታለም፣ ስለ ጨው የተወሰነውን ትገለብጪልኛለሽ? ለቤቴ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አቶ ደሞዝ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ሦስት ሰው እኩል ለእኩል አይከፈልም። ቅዳሜ ወይ ሚስታቸው ይሄዳሉ ወይ ይቀራሉ፤ ያም በእኔ እጅ ነው።

በዚያ ሳምንት አቶ ደሞዝ ሦስት ጊዜ ደጄ መጡ። «እንደምን ዋልህ» ይሉኛል፤ ጤናዬን፣ እናቴን፣ ሥራዬን ይጠይቁኛል፤ ከዚያ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ይመለሳሉ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ደግሞ አርብ ዕለት የዓሣ ወጥ በሳህን አምጥተውልኝ «ጨው አላነሰውም?» ብለው ብቻ ሄዱ።

ቅዳሜ ስብሰባው ሲከፈት ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እጃቸውን አወጡ። «ድምፁ ዛሬ በምስጢር ይሁን። እጅ ማውጣት ሰልችቶኛል።»

የዱቄት ወተት ባዶ ቆርቆሮ መጣ፤ አፉ ላይ ጨርቅ ተጣለበት። ለያንዳንዳችን አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ተሰጠን። ይቅሩ የሚል ሽምብራ፣ ይሂዱ የሚል ባቄላ ይጥላል፤ የተረፈችውን ኪሱ ይከታል። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጣሉ። አቶ ደሞዝ ጣሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ እጄን ከጨርቁ ሥር አስገባሁና ሽምብራዬንም ባቄላዬንም እንደያዝሁ አወጣሁት። የሰው ትዳር ላይ የምጥለው ጥራጥሬ አልነበረኝም። ትክክል ማድረጌን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ድምፀ ተአቅቦ ነኝ» አልሁ።

«ተመዝግቧል» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል።

አቶ ደሞዝ ቆርቆሮውን መሶቡ ክዳን ላይ ገለበጡት። አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ወደቁ። ሁለቱም ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ጥራጥሬዎቹን ተመለከቱ፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም።

«አንድ ለአንድ» አሉ አቶ ደሞዝ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጸሐፊዋ አጀንዳ ለን አልጻፉትም፤ ሰብሳቢውም የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ልብስ ሲያሰጡ ጠሩኝ።

«ያቺ ሽምብራ የእኔ ናት» አሉኝ።

«የእርስዎ? እርስዎማ ልሂድ ባይ ነዎት!»

«እጄን ሳወጣ ነዋ። ሰባት ወር ያወጣሁትን እጅ በምን ዓይኔ ላውርደው? በምስጢር ይሁን ያልሁት ለዚሁ ነው።» ጠጋ አሉኝ። «ባቄላዋን አንተ አልጣልህም?»

«ምንም አልጣልሁም።»

«ማልልኝ።»

«ሩፋኤልን!»

«እንግዲያው የእሱ ናት።» ነጠላቸውን ገመዱ ላይ ዘርግተው ሁለት ጊዜ አስተካከሉት። «ወይ አክብሮኝ፣ ከፈለገች ትሂድ ብሏል። ወይ ሰልችቼዋለሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ለምን አይጠይቋቸውም?»

«አንቺስ ምን ጣልሽ ቢለኝ? አንተ ጠይቀው። እስክትነግረኝ ሻንጣዬን አልፈታም።»

ድፍረት ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ ደሞዝን ጣና ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጤናዬን ጠየቁኝ፤ እናቴን ጠየቁኝ፤ ሥራዬን ጠየቁኝ። እኔም የእሳቸውን ሁሉ ጠየቅሁ። ከዚያ ዓይኔን ውኃው ላይ አድርጌ፦

«ጋሼ ደሞዝ፣ ባቄላዋን የጣሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ለምን ጣሏት?» አልኋቸው።

ድንጋያቸው ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ናት የላከችህ?»

ጠጠር አንሥቼ ውኃው ውስጥ ወረወርሁ።

«እሷ ስትጠይቀኝ ለእሷ እመልሳለሁ» አሉኝ። «ለአንተ ግን አልመልስም።»