ለጢማሙ አሞራ የሚሄድ አጥንት

አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ በዓል ባለፈ ቁጥር የሰፈሩን አጥንት በማዳበሪያ ሰብስበው ከሱሉልታ በታክሲ ከከተማው ውጭ ወዳለ ገደል ይሄዱ ነበር። እዚያ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ እየጣለ የሚሰብር ጢማም አሞራ አለ፤ አሁን አሁን እምብዛም አይታይም። አባባ ምን እንደያዙ ሲጠየቁ ጮክ ብለው "እንግዳ አለብኝ!" ይሉ ነበር።

ከአርባቸው ማግስት እኔ ማዳበሪያውን ይዤ ወጣሁ። የታክሲው ረዳት አየውና "ምንድነው?" አለኝ።

"ድንች።"

"ድንች እንዲህ ይሸታል እንዴ፣ እህት? የኦቦ፣ የሽማግሌው ማዳበሪያ አይደል? እሳቸውስ?"

"አርፈዋል።"

ታክሲው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ለአሞራ አጥንት ልወስድ ነው ለማለት አፍሬ ነበር፤ አሁን ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። ረዳቱ ማዳበሪያውን ተቀብሎ ከፊት አስቀመጠልኝ።

ገደሉ አፋፍ ላይ አጥንቱን ዘረገፍኩ። አባባ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ መቀመጥ ከበደኝና ሳሩ ላይ ሆንኩ። እሳቸው አሞራውን ግማሽ ቀን ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቁት ነበር። እኔ ትዕግስት የለኝም፤ አሞራው ከላዬ ሲዞር ፎቶ ላነሳው ብድግ ስል ጥሎኝ ሄደ።

የመመለሻው ታክሲ መጥቶ ክላክስ አደረገ። አጥንቱ አልተነካም።

"ሂዱ፣ እኔ እቆያለሁ" አልኳቸው።