ማጅራት ገትር ቦንጋ የገባ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ቦንጋ ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረንም። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ወደ አገር ቤት ከሄደች ወዲህ፣ ከእትዬ አበበች ግቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ማጅራት ገትር የገባው ዝናቡ ፋታ በሰጠበት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ሰኞ አብራኝ የምትቀመጠው ታደለች ከትምህርት ቤት ቀረች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ተኛች ተባለ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ምልክቶቹን ነገሩን፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የአንገት መድረቅ። «አገጩ ደረቱን መንካት ያቃተው ልጅ ቶሎ ለቤተሰቡ ይናገር» አሉና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

አባቴ ለክትባት ቡድኑ መዝጋቢ ሆኖ ተመደበ። ጠዋት ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ አስቀምጦልኝ «ከግቢ እንዳትወጪ» ብሎ ይሄዳል። እስኪመሽ ብቻዬን ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይሸታል፤ በመንገዱ ላይ ቆርኪ የሚጫወት ልጅ እንኳ የለም። እኔም ተከትቤ ነበር፤ መርፌው ግን ፍርሃቴን አልነካውም። አገጬን ወደ ደረቴ እሰድዳለሁ። ነካ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እሞክራለሁ። ዳቦዬን ስበላ፣ ደጃፍ ስቀመጥ፣ ከእንቅልፌ ስነቃ፣ እንደዚያው።

በአራተኛው ቀን አንገቴ የምር አመመኝ። አለቀልኝ አልኩ። ለአባቴ ብነግረው ታደለች ወዳለችበት፣ ጠያቂ ወደማይገባበት ክፍል እንደሚወስዱኝ ገባኝ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ፣ ሕፃኑን ወንድሜን ሳላየው መሞቴ ነው እያልኩ ድምፄን አፍኜ አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አበበች ነበሩ። የከፋ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛቸው ረጋ ያለ፣ ቃሉን እየመረጠ የሚሄድ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት አየሁሽ። መሬት ታያለሽ፣ ሰማይ ታያለሽ። ምን ጠፋብሽ?»

ነገርኳቸው። ግንባሬን ዳበሱ፤ አንገቴን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ወዲያና ወዲህ አዞሩት።

«ትኩሳት የለም። ቀኑን ሙሉ ሲጎነበስ የዋለ አንገት አይታመምም ወይ?»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። አጠገቤ ተቀምጠው «እኔም እፈራለሁ» አሉ። «ልጄ ለንግድ ሺሺንዳ ሄደ፤ እስካሁን ወሬ የለም። ፍርሃትን ብቻሽን አትቀመጪበት፤ ብቻውን ያገኘውን ሰው ይበላል። ነይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳቸው ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀምጠን በቆሎ እንፈለፍል ጀመር። ብዙ አናወራም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ሲመጣ ቀና ብዬ ፊታቸውን አያለሁ፤ እሳቸውም መንገዱን ያያሉ። ልጃቸው አንድ ከሰዓት አቧራ ለብሶ በደህና ሲገባ የተፈለፈለው በቆሎ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ታደለችም መጣች። ከስታ፣ ፀጉሯ ተላጭቶ። ሳናግራት ዝም አለችኝ፤ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ግራ ጆሮዋ እንደማይሰማ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያን ዓመት በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። በዓመቱ አባቴ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አሁን አዋሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። በሽታ ተነሣ ሲባል ወሬው በስልኬ በየሰዓቱ ይደርሰኛል፤ ምልክቱ፣ መድኃኒቱ፣ የሞተው ሰው። ባለፈው ወረርሽኝ በሬን ዘግቼ ሳምንታት ስቀመጥ ከፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤቶችም ዘግተው ነበር። ስማቸውን አላውቀውም። በልጅነቴም ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን ብቻዬን መሆኔን ያየ ሰው ነበር።