የዶክተር ክብሩ የጉልበት ቅባት

ክብሩ ገና ዶክተር ሳይባል እንደ ዶክተር ነበር የሚናገረው። ከተባለ በኋላ ደግሞ የሚያዳምጠው ሰው ጠፋ፤ እሱ ግን ይህን ልብ አላለም። ሀዋሳ ውስጥ ፋርማሲ ያስተምራል። ፒያሳ ካፌ ከተቀመጠ አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ሳይወድ ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ይማራል፤ መርፌ ቀረ፣ ጨጓራ የሚልጥ ክኒን ቀረ፣ ከእንግዲህ መድኃኒት በቆዳ ነው የሚገባው እያለ።

ነገሩስ እውነትነት አለው። ከአኩሪ አተር ከሚወጣ ስብ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች ይሠሩና መድኃኒቱ በውስጣቸው ይያዛል። ከረጢቱ ግትር ከሆነ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር በልኩ ሲገባበት ግን እየተጣጠፈ ከራሱ በጠበበ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፤ ልኩ ካለፈ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። ያን ልክ ስትፈልግ ወራት የፈጀችው ተማሪው ሮሆቦት ናት። ክብሩ ቤተ ሙከራ የሚገባው ፎቶ ለመነሳት ነበር።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ሰሞን አማቱ ወይዘሮ አልማዝ ጉልበታቸውን አሟቸው በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሳይሄዱ መቅረታቸውን ሰማ። መድኃኒቱ እኔ ዘንድ አለ ብሎ ተነሳ። ሮሆቦት ቅባቱ ገና በሰው ላይ እንዳልተሞከረ ነገረችው። እሱ ጭራሽ ቶሎ ይግባ ብሎ የማለስለሻውን መጠን እጥፍ አድርጎ በገዛ እጁ ቀላቀለ። ከዚያ እንግዳ በሞላበት ሳሎን፣ ሚስቱ ታቢታ በስልክ እየቀረጸችው፣ የአማቱን ጉልበት እያሸ ንግግር አደረገ።

ሴትዮዋ እሱን በእንግዳ ፊት ላለማሳፈር ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩ።

«ልጄ፣ ይፋጃል» አሉት በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እየገባ ነው እማማ፣ ይቻሉት» አላቸው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

እንግዶቹ ሳይወጡ ጉልበታቸው ውሃ ቋጠረ። ክሊኒክ የወሰደቻቸው ታቢታ ናት፤ ቪዲዮውንም ያጠፋችው እሷው። ክብሩ ይቅርታ አልጠየቀም። ይልቁንም ሮሆቦትን ቢሮው አስጠርቶ ቀመሯ ስህተት እንዳለበት ነገራት።

እሷም እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። «ዶክተር፣ ቀመሩን የቀየሩት እርስዎ ነዎት» አለችው። «ከእንግዲህ ከእርስዎ ጋር አልሠራም።»

አማካሪ አስቀይራ ሥራዋን ቀጠለች።

ወይዘሮ አልማዝ ጉልበታቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል፤ ሕመሙም እንዳለ ነው። አማቻቸው ሲመጣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ይደርባሉ፣ እሱ እንዳያፍር ብለው። መች ያፍራል! ሰሞኑን ፊት የሚያጠራ የናኖ ቅባት እያለ ማውራት ጀምሯል። ታቢታን ፊትሽ ላይ ልሞክረው ብሏት ነበር፤ ተነስታ ከክፍሉ ወጣች።