ቢጫው ወፍና የእማዬ ሀለኮ

አዲስ አበባ ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ አንድ ሸማኔ አለ፤ ጠዋት ጠዋት የመወርወሪያው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ሲሰማኝ መተኛት ያቅተኛል፣ ልቤ ተነስቶ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ግቢያችን ይደርሳል።

አባቴ ከደጋው ከኦቾሎ ወርዶ እዚያ የከተመ ሸማኔ ነበር። የሚሠራው እማዬ በተከለችው ሀለኮ ጥላ ሥር ነበር፤ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው። በበልግ ቢጫ ወፎች መጥተው፣ የሙዝ ቅጠል በቀጭኑ እየሰነጠቁ፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጎጆ ይሸምኑ ነበር። አባቴ ሥራውን ትቶ ሽቅብ እያየ፣ «ሙያ ያለው እንደዚህ ነው፤ የሄደበት ሁሉ ቤቱ ነው» ይል ነበር። እማዬ ደግሞ ለኩርኩፋ፣ ከዱቄት ድቡልቡል ጋር ለሚቀቀለው ምግባችን፣ የሚሆናትን ቅጠል እየቆረጠች፣ በእኔ ስም ጠርታው፣ «የማርታ አባት፣ ሀለኮስ? ቢቆርጡት ቢቆርጡት እዚያው ያቆጠቁጣል። ወፍህ ዝናቡ ሲያባራ የት አለ?» ትለው ነበር። ነገሩ የወፍና የዛፍ እንዳልሆነ ስለገባኝ አንዱን ስሰማ ሌላውን እያየሁ ልቤ አያርፍም ነበር።

ወፎቹ ጎጆአቸውን ጥለው ሲሄዱ አባቴም መወርወሪያውን በነጠላ ጠቅልሎ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ሳለቅስበት፣ «ሀለኮው ሲያብብ እመጣለሁ» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሥሩ ተቀምጦ አላስተዋለም እንጂ፣ ቅጠሉ በየጊዜው ለምግብ የሚቆረጥ ሀለኮ አያብብም፤ የእኛም አብቦ አያውቅም ነበር።

እማዬ ከዚያን ቀን ጀምራ ግን ዛፉ ላይ ቢላዋ አላሳረፈችም፤ ቅጠል ከጎረቤት እየለመነች ታበላን ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ቅርንጫፉን አይ ነበር። በጋ ሲገባ ነጭ አበባው ፈካ፣ ግቢው በመዓዛው ታወደ፤ አባቴ ግን አልመጣም። አበባው ሲረግፍ እንደገና አለቀስኩ። እማዬ የረገፈውን እየጠረገች፣ «መንገዱ እኮ ሩቅ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን አላመነበትም።

ፍሬው ረዝሞ ሲንጠለጠል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አቧራ ለብሶ በር ላይ ቆመ። ዛፉን ብዙ አየው።

«አልቆረጥሽውም? ምን በልታችሁ ከረማችሁ?»

«የጎረቤት» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ እማዬም ከዛፉ እንደ ድሮው መቁረጥ ጀመረች፤ አባቴ አሁንም አርጅቶ እዚያው ጥላ ሥር ይቀመጣል። መሄድ የለመደ እግሩን ያወረሰው ለእኔ ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ከከተማ ከተማ፣ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስል ዕቃዬን ከካርቶን አውጥቼ ጨርሼ አላውቅም። ያኔ እረፍት የሚነሳኝ መጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ። ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደውዬ፣ ለምሳ ምን እንደሠራች ጠየቅኋት።

«ኩርኩፋ» አለችኝ፣ «ቅጠሉን ጎረቤት ሰጥታኝ።»