ለአንድ ካርቶን ሴፍትሪያክሶን

ወታደሮቹ ያሰሩን እህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ደባርቅ ዳር ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት በበሩ ሳልፍ ገብስ እንጂ ሰው ይከማችበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ የእህል ብናኝና የላብ ሽታ ነው። ሰዉ በጎኑ ተደርድሮ ተጋድሟል፤ አንዱ ልገላበጥ ካለ ሁሉም አብሮት መገላበጥ አለበት።

"ዶክተር መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት" አለ አንዱ።

ዶክተር አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ፤ እዚያው ከተማ መድኃኒት ቤት ነበረኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ አላረምኩትም።

ወንጀሌ አንድ ካርቶን ሴፍትሪያክሶን ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ። ከመደርደሪያዬ ሥር አግኝተው ከነሲሪንጁ ወሰዱት። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቁጣ የማያውቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ያለው እንደሚብስ ያወቅኩት በኋላ ነው። አንዷን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አቆማት።

"ይኼ የጥይት ቁስል መድኃኒት ነው። ለማን ነው ያስቀመጥከው?"

"ለሳንባ ምች ነው፣ ለኩላሊት ነው፣ ለጨብጥም ነው። ጤና ጣቢያ ሲያልቅ ሰው የሚመጣው ወደ እኔ ነው።"

"እንክብሉ እያለ መርፌው ለምን አስፈለገህ?"

ሌላውን ሰው ፍርሃት ዝም ያሰኘዋል፤ እኔን ያስለፈልፈኛል። ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሴፋሎስፎሪን የሚባሉት መድኃኒቶች ወንድማማች ናቸው አልኩት። የሁሉም እምብርት አንድ ነው፦ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ ቀለበት ከባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ጋር ተጣብቃ። ባክቴሪያው የገላውን ግድግዳ ሲሠራ ያቺ ትንሿ ቀለበት መካከል ትገባና ሥራውን ታበላሽበታለች፤ ግድግዳው ሲፈርስ እሱም ያልቅለታል። ስለዚህ ይኼ ከእንክብሉ የተለየ የጦር መሣሪያ አይደለም፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አልኩ። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ካርቶኑን አሽጎ ማኅተም መታበትና ኤግዚቢት አደረገው።

ካርቶኑን ለታጣቂዎች ለመላክ ማስቀመጤን አምናለሁ የሚል ወረቀትም አቀረበልኝ። አልፈረምኩም። ውስጥ እግሬ በግርፋት አብጦ ጫማ አላስገባ እስኪል ድረስ አልፈረምኩም።

አጠገቤ የሚተኙት የዳባት ገበሬ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ፣ እሱ እስኪመጣ እሳቸው ታስረዋል። እግሬን ያዩ ቀን ጋቢያቸውን አጥፈው ከሥሩ አደረጉልኝ፤ እምቢ ብል ተቆጡኝ። የገብሳቸው ነገር ያስጨንቃቸው ነበር፤ ማን ይወቃው ይሆን እያሉ።

አንድ ጠዋት አልነሱ አሉ። ግንባራቸው ይፋጃል፤ ከጣሪያው ሥር በምትገባው በዚያች ትንሽ ብርሃን ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ይዤ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ላስጠጋ ብል አንገታቸው አልታጠፍ አለ፤ መላ ገላቸው እንደ ሳንቃ ተያይዞ ተነሣ።

"ማጅራት ገትር" አልኩ ቀስ ብዬ። ቀስ ብዬ ብልም ሁሉም ሰማ። የቻለ ወደ ግድግዳው ሸሸ፤ ግድግዳው ደግሞ ሩቅ አይደለም።

በሩን ደበደብኩ። መርማሪው መጣ፤ የበሽታውን ስም ሲሰማ በፎጣ አፍንጫውን ሸፍኖ ደጅ ላይ ቆመ።

"ካርቶኑን ክፈትልኝ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያለው።"

"ኤግዚቢት ነው።"

"እንግዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው።"

"መኪና የለም።"

ሄደ። ቆይቶ ጠባቂው በበሩ ስንጥቅ ፌስታል አሾለከልኝ። ሴፋሌክሲን ነው፣ እንክብል። መርማሪው ከኋላው ቆሟል።

"ይኸው መድኃኒት። ወንድማማች ናቸው ያልከኝ አንተ ነህ።"

በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም። ሲመቱኝ እንኳ እንደዚያ አልተናደድኩም።

"ወንድማማች ሁሉ አንድ ሙያ የለውም" አልኩት። "አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ቄስ ይሆናል። ቅዳሴ ሲደርስ ገበሬውን ትጠራለህ?"

"አስረዳኝ" አለ። እየቀለደብኝ ይሁን የምር አላወቅኩም፤ አስረዳሁት። ልዩነቱ ከቀለበቶቹ ጎንና ጎን በሚንጠለጠሉት ተቀጥላዎች ላይ ነው። ሴፋሌክሲን የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ለቆዳ እባጭ፣ ለጉሮሮ ጎበዝ ነው፤ እባጭ ቢሆን ኖሮ ይኼንኑ የሰጠኸኝን እመርጥ ነበር አልኩት። ሁለተኞቹ ሰፋ ይላሉ፤ የሳንባና የጆሮ ተህዋስያንን ይጨምራሉ። ሴፍትሪያክሶን ሦስተኛ ነው። ቀለበቷ አጠገብ ጋሻ የምትሆን ተቀጥላ አለችው፤ ብዙዎቹ ተህዋስያን ቀለበቷን ለመስበር የሚረጩትን ኢንዛይም ትመክታለች። ከሁሉ በላይ ግን ወደ አንጎል ሽፋን ዘልቆ ይገባል፣ እንክብሉ በበቂ መጠን አይደርስም። አራተኛና አምስተኛ ትውልድም አለ፤ እነሱ ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ለሚገኙ ግትር ተህዋስያን ናቸው፣ እዚህ አያስፈልጉንም። የሚያስፈልገን አንተ ያሸግከው ነው።

"ደግሞም" አልኩ፣ "ውኃ እንኳ ያስመልሳቸዋል። እንክብሉን በምን ሊውጡት?"

"አስብበታለሁ" ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ሙሉ አሰበበት። ሽማግሌው ይቃዣሉ፤ በሬዎቻቸውን በየስማቸው ይጠራሉ። ሸሽተው የነበሩት እስረኞች አንድ በአንድ ተመልሰው ጨርቅ እያረጠቡ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ እያንዳንዷ ሰዓት ስታልፍ ከበሽተኛው ምን እንደምትወስድ አውቃለሁ፤ እውቀቴን የጠላሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ መርማሪው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ያው ወረቀት ነው።

"ከፈረምክ ምርመራዬ ተዘጋ ማለት ነው። ኤግዚቢቱ አያስፈልገኝም፣ ውሰደው።"

ሽማግሌው ለአፍታ ነፍሳቸውን ያወቁ ይመስለኛል። እጄን ያዙት።

"አንተ ልጅ፣ ለእኔ ስትል በራስህ ላይ እንዳትመሰክር። እኔ ኖሬያለሁ።"

ፈረምኩ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

ካርቶኑ ገባ። እጄን የምታጠብበት ውኃና ሳሙና ካልመጣ አልነካም አልኩ፤ ጠባቂው እያጉረመረመ አመጣ። እስረኞቹ ጋቢ ወጥረው ከለሉልን፣ ፊታቸውንም አዞሩ። ሽማግሌው ጎን ተንበርክኬ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ለመጣ ሰው ሁሉ የምለውን አልኳቸው።

"አባቴ፣ መድኃኒቱ ሴፍትሪያክሶን ይባላል። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግተው ገላዎን አሳክኮዎት ያውቃል? ሁለቱም ጭንዎ ላይ እወጋዎታለሁ፤ ማደንዘዣ ስለሌለኝ ያምማል። ይፈቅዱልኛል?"

ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ጭንቅላታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከታሰሩ ጀምሮ ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ካርቶኑ ጠዋትና ማታ የምወጋበት በቂ ብልቃጥ ነበረው።

ትኩሳቱ ለቀቃቸው። አንድ ረፋድ ላይ ቁጭ አሉና ዙሪያቸውን አዩ። እስረኞቹ ስለ ምግብ እየተጨቃጨቁ ነበር፣ ቤቱ በጫጫታ ተሞልቷል።

"ምነው ልጆቼ፣ ዛሬ ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁ?" አሉ።

ሁላችንም ያን ጊዜ ዝም አልን። ጆሯቸው ሄዷል። ማጅራት ገትር እንዲህ ያደርጋል፤ በጊዜው ቢታከምም ሊያደርግ ይችላል። እኔ ግን መርማሪው ያሰበበት ያ ቀን ነው የወሰደባቸው እላለሁ። ማንም አያስለውጠኝም።

ከወራት በኋላ ክስ ሳይነበብብን ለቀቁን። የፈረምኩት ወረቀት ግን ቀድሞኝ ወጥቶ የመድኃኒት ቤት ፈቃዴን አሰርዞ ጠበቀኝ። አሁን የአማቼ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ዛሬም ሰዎች ቆርቆሮ የሚጠይቁ መስለው ስለ ልጃቸው ሳል ያማክሩኛል። ጤና ጣቢያ ሂዱ እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለሥራ ዳባት ወረድኩ። ገበያው መግቢያ ላይ ወታደሮች ቆመዋል። አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ከእህል ተራው ሽማግሌው አዩኝ። ሮጠው መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፁን መመጠን አይችልምና ገበያውን በሙሉ አናወጡት።

"ከሞት ያተረፈኝ ይኼ ነው! በመርፌ! መድኃኒቱ የሱ ነው!"

አንዱ ወታደር ዞረ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፤ እሳቸው ፈገግ ብለው ባሰባቸው። "የሱ ነው፣ የሱ! ካርቶን ሙሉ ነበረው!"

ለዚህ ሰው ዝም በሉ ልል ነው? ጣቴን አወረድኩ።

"አዎ አባቴ፣ የእኔ ነበር" አልኩ፣ እንደሳቸው ጮክ ብዬ።

እሳቸው አልሰሙኝም፤ የሰማው ወታደሩ ነው። የሚያደርገውን ያድርግ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩና በፊቱ አብረን አለፍን።