የዱካሞ ፈረስ የዲላን አውቶቡስ ሲጠብቅ

አርብ ጠዋት፣ ዲላ

ወደ አዋሳ የተነሳሁት ለልቅሶ ነው። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠየቀኝ።

«የሞተው ምንዎ ነው?»

«ጠላቴ።»

«ለጠላት ልቅሶ ይኬዳል እንዴ፣ ጋሽ በቀለ?»

«ለዚህኛው ይኬዳል። ጻፍ።»

ሳቀና «ዘመድ» ብሎ ጻፈልኝ።

ሟቹን ዱካሞን የድሮ የዲላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዋሳ ወርዶ ጋሪ ነጂ ከመሆኑ በፊት እኔ ግንበኛ፣ እሱ ጭቃ አቀባይ ሆነን ስንት ቤት አቁመናል። ባለቤቴ ደስታ ለሁለታችን ምሳ የምታቀርበው በአንድ ትሪ ነበር። አዋሳ ከሄደ በኋላም ለበዓል ይመጣ ነበር፣ ደረቅ አሳ በቅጠል ጠቅልሎ።

ደስታ ስትሞት ግን አልመጣም። አርባዋ አለፈ፣ ሙት ዓመቷ አለፈ፣ ዱካሞ የለም። ሠርግ የቀረ ሰው ምክንያት አያጣም። ልቅሶ የቀረን ሰው ግን ምን ብለህ ታየዋለህ? ከዚያ አንድ ቀን የአዋሳው አውቶቡስ ሾፌር መልእክት አመጣልኝ። «ዱካሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ በጋሪዬ እጠብቀዋለሁ፣ ይምጣ ብሏል።» ደሜ ፈላ። «ሐዘንተኛው እኔ ነኝ፣ እሱ ይምጣ በለው» አልኩ። በዚያው ሰባት ዓመት ሄደ። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። ልጠይቅ ነዋ። ሙት አይመልስም፣ ሚስቱ ግን አለች። ለምን እንደቀረብኝ ሳላውቅ ልሞት አልፈለግኩም።

መንገድ ላይ

የአውቶቡሱ ዋጋ ሦስት ብር ከሃምሳ ነበር። ከጎኔ ዶሮ የታቀፈች ሴት ተቀመጠች፣ ዶሮዋም እኔም ወዲያው ማንቀላፋት ጀመርን። ጩኮ ስንደርስ ጉም ወርዶ እንሰቱን ሁሉ ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ የአንድ በሬ ቀንድ ብቻ ይታያል፣ ይጠፋል። ኬላው ላይ አብዮት ጠባቂው ወረቀቴን ዘቅዝቆ አነበበና መለሰልኝ። አፖስቶ ላይ በመስኮት ሙዝ ገዛሁ፣ ስድስቱን በስሙኒ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሕልም ይሁን እውን አላውቅም። ዱካሞ የጭቃ ባልዲውን ተሸክሞ ከመስኮቴ ሥር ይሄዳል። አውቶቡሱ ይሮጣል፣ እሱ ዝም ብሎ ይራመዳል፣ ግን አይቀደምም። «ጭቃው ቀጥኗል» አልኩት፣ እንደ ድሮው። ሳቀብኝ። ስነቃ ሐይቁ ከታች ብር መስሎ ተዘርግቷል።

አርብ ከሰዓት፣ አዋሳ

መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ንፋሱ የአሳ ሽታ አለው። የዱካሞ ቤት ከታቦር ተራራ ሥር ነው። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፣ ስሙን ስጠራ ሦስት ሰው ተነስቶ መራኝ።

ሚስቱ ማርታ በር ላይ አየችኝ። ጮክ ብዬ ላለቅስ አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፣ ሙሾ አያወርዱም፣ ይዘምራሉ። ስለዚህ ለቅሶዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው።

ግቢው ከሦስት ሳምንት በኋላም ሰው አላጣም። አንዱ ልብስ ሰፊ «አዋሳ የገባሁ ቀን ማንንም አላውቅም ነበር። ዱካሞ ከመናኸሪያ በነፃ ጭኖ እዚህ አሳደረኝ» አለ። አንዲት ነርስ «እኔንም» አለች። አንድ ሽማግሌ ወታደርም «እኔንም» አለ። እኔ ቆጣ አልኩ። ለመንገደኛው ሁሉ ጊዜ የነበረው ሰው ለደስታ ልቅሶ እንዴት አንድ ቀን አጣ?

ሰው ቀለል ሲል ማርታን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። (እዚህ ጋ ይህን የጉዞ ደብተሬን ያኔ ፈርቼ ባዶ ትቼው ነበር፣ ዛሬ ነው የሞላሁት።)

«አንዲት መምህርት ደርጎቹ ሊያስሯት ይፈልጓት ነበር። ጋሪው ላይ ከፈረሱ ሣር ሥር ደብቆ ከከተማ አወጣት። እሷ ዳነች፣ እሱ ተያዘ። ወይዘሮ ደስታ ያረፉ ጊዜ እስር ቤት ነበር፣ ጋሽ በቀለ። ከተፈታም በኋላ ከአዋሳ እንዳይወጣ አሉት። ወረቀት በየጊዜው ጠየቀ፣ እስኪሞት አልሰጡትም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልላከልኝም?»

«ይሄ በሾፌር አፍ ይላካል?»

ስረታ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ምሳ አልበላም አልኩ። ማርታ ቆጮውን በጎመን አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችና «ዱካሞ እንደዚህ ያደርጋል ብሎኝ ነበር» አለች። በላሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት የማርታ አማች ጴጥሮስ በዱካሞ ጋሪ ወደ መቃብሩ ሊወስደኝ መጣ። ጴጥሮስ ባለ ትልቅ ጺም፣ ተሳዳቢ፣ ጥሩ ሰው ነው። ፈረሱ ዳማ ይባላል፣ አርጅቷል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ይሄ ፈረስ ሰይጣን አለበት። ሰኞ እሸጠዋለሁ።»

«ምን አደረገህ?»

«ያዩታል።»

አየሁት። ዳማ ሃምሳ እርምጃ ሄደና አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመ። ጴጥሮስ ቢጮህ፣ ልጓም ቢጎትት፣ ወይ ፍንክች። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በሩን ከፍታ አንገቱን ዳሰሰችው። «መጣህ ልጄ?» አለችው። ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ዱካሞ ለካ ውሃ ያመጣላት ነበር። ቀጥሎ አንድ ጫማ ሰፊ በር ላይ፣ ቀጥሎ መንታ የወለደች ሴት በር ላይ ቆመ። በየበሩ ሰው ወጥቶ ይዳስሰዋል፣ ፈረሱም ይሄዳል። ጴጥሮስ «ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ በእግሩ ይሄድብኛል!» ይላል። እኔ ግን የፈረሱ ኮቴ እያስተኛኝ፣ የማላውቀውን የወዳጄን ሰባት ዓመት በር በበር እያየሁ ሄድኩ።

ከመቃብሩ መልስ ሐይቁ ዳር አሳ ገበያው፣ አሞራ ገደል ወረድን። አሳ አጥማጆቹ የአሳውን አንጀት ሲወረውሩ እነዚያ ራሰ በራ አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ዕድር ዳኛ ቆመው ይጠብቃሉ። አሳ ጥብስ በአንድ ብር በላን። ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ትታያለች፣ ሄደች ልበል ቆመች ልበል አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዳማ ጆሮውን አቆመና ማንም ሳያዘው መንገድ ጀመረ።

«ይኸው!» አለ ጴጥሮስ። «ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የትም ቢሆን መናኸሪያ ይሄዳል። መግረፍ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።»

መናኸሪያው ጥግ፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ አጠገብ ቆመ። አቧራ ተነሳ፣ አውቶቡስ ገባ። ከግንባሩ ላይ «ዲላ» የሚለውን አነበብኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠሬ ያን ቀን ክፉኛ ጠቀመኝ፣ ክፉኛም ጎዳኝ። ሰው መውረድ ጀመረ። ፈረሱ አንገቱን አስረዝሞ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ ያያል።

ቆሎ ሻጯ ትክ ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ከዲላ ነዎት?»

«አዎ።»

«እልኸኛው በቀለ የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

ጴጥሮስ ወደኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ጋሽ ዱካሞ ዝናብም ቢሆን እዚህ ይቆም ነበር» አለች። «በሩ እስኪዘጋ ያያል። ከዚያ ‹እልኸኛው ዛሬም አልመጣም› ብሎ ይስቃል። ቦታው ባዶውን አይመለስም ብሎም ሰው የሌለውን እንግዳ ይጠራል። ‹ና ውጣ፣ የበቀለ ቦታ ነው፣ ሒሳብ የለውም› ይለዋል። አዋሳ ውስጥ በበቀለ ቦታ ያልገባ ማን አለ?»

ልብስ ሰፊው። ነርሷ። ወታደሩ። ለነሱ ጊዜ አለው ብዬ የተቆጣሁባቸው ሁሉ የገቡት በኔ ቦታ ነበር።

አሁን የአውቶቡሱ በር ተዘጋ። ዳማ ግን አልሄደም፣ ዝም ብሎ በሩን ያያል። ከጋሪው ወረድኩ። ከአውቶቡሱ በኩል ዞሬ፣ አሁን የወረድኩ መስዬ፣ ወደ ፈረሱ መጣሁ። አንገቱን ዳሰስኩት።

«መጣሁ» አልኩት። «ዘገየሁ፣ ግን መጣሁ።»

ያን ጊዜ የያዝኩትን ለቅሶ ለቀቅኩት፣ መናኸሪያ መሃል። ጴንጤም ይቆጣ፣ አብዮት ጠባቂም ይቆጣ። ጴጥሮስ ኮፍያውን አወለቀ። ወጥቼ ቦታዬ ላይ ስቀመጥ ዳማ ራሱ ዞሮ ወደ ቤት ሄደ።

መንገድ ላይ ጴጥሮስ «አይሸጥም» አለ።

እሑድ፣ ዲላ

ስመለስ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀበለኝና «ጠላትዎን አለቀሱለት?» አለኝ።

«ዘመድ ብለህ ጽፈህ የለም?» አልኩት።

ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰው ወደሱ ይመጣል፣ ወጉ ይሄው ነው። ወጉ ልክ ነው። ግን መምጣት የማይችል ሰው እንዳለ፣ አለመቻሉንም መናገር የማይችልበት ጊዜ እንዳለ ወጉ አያውቅም። እኔም አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ጋሪ የለኝም፣ ከዘራ አለኝ። የአዋሳው አውቶቡስ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ እቆማለሁ። ሰው የሌለው እንግዳ ካየሁ ቤቴ ወስጄ ምሳ አበላለሁ። «ይቅርብዎ አባባ፣ አላስቸግርም» ሲለኝ እቆጣዋለሁ።

«ተቀመጥ» እለዋለሁ፣ «የዱካሞ ቦታ ነው።»